ከማሽኑ በፊት ሥራውን እንወቅ



ብየዳ ለእኔ መተዳደሪያዬ ሳይሆን የእረፍት ቀኔ ደስታ ነው። እቁብ ሲደርሰኝ ሻጩን አምኜ የቲግ ብየዳ ማሽን ገዛሁ። ጎረቤቴ የተሰነጠቀ የአልሙኒየም ድስት ይዛ ስትመጣ ግን ማሽኔ እንቢ አለኝ። ለካ ዲሲ ብቻ ኖሯል! እሷ ድስቷን ይዛ ተመለሰች፤ እኔም አፈርኩ።

ዲሲ ብረትና ስቴንለስ ስቲል አሳምሮ ይበይዳል። አልሙኒየም ግን ላዩን የሸፈነውን ኦክሳይድ የሚያጸዳለት ኤሲ ይፈልጋል። ስለዚህ አልሙኒየም የምታስቡ ሁለቱም ያለውን ግዙ፤ ዋጋው ከፍ ይላል። ብረት ብቻ ለምትበይዱ ዲሲው ይበቃችኋል።

ጉልበቱንም እዩ። ለ1 ሚሊሜትር ውፍረት ብረት በግምት 40 አምፔር ያስፈልጋል፤ ለ3 ሚሊሜትር ላሜራ 120 ገደማ ማለት ነው። ማሽኑ ላይ ከ200 አምፔር ጎን 30 በመቶ ተብሎ ከተጻፈ፣ በዚያ ጉልበት ከ10 ደቂቃ ውስጥ የሚሠራው 3 ደቂቃ ነው፤ ቀሪውን ያርፋል። የቤታችሁ መስመር ይችለው እንደሆነም የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠይቁ።

ብሩን ሁሉ ማሽኑ ላይ አትጨርሱ። የአርጎን ጋዝ ከነሲሊንደሩ፣ የጋዝ መቆጣጠሪያ፣ ጓንትና የብየዳ ማስክ ይቀራሉ። ያለ ማስክ የብየዳው ብርሃን ዓይን ያቃጥላል።

እህቶቼ፣ ሻጩ «ስንት ብር አለሽ?» ከማለቱ በፊት «ምን ልበይድ ነው?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። የእኔ ስህተት ለእናንተ ትምህርት ይሁን።