በኮራል አኳሪየም ላይ የሚንቀሳቀስ መብራት፤ ጥቅሙ፣ ወሰኑና ኃላፊነቱ



የጣት ያህል ርዝመት ካለው ቁራጭ የተነሣ ኮራል ቅርንጫፉ የበዛ ትልቅ ግንድ እስኪሆን ድረስ ዓመታት ይፈጃል። ይህን የዓመታት ዕድገት ለማጥፋት ግን ከላዩ የተሰቀለ ኃይለኛ መብራት ለጥቂት ቀናት ባልተገባው ቦታ ቆሞ መቅረቱ ሊበቃ ይችላል። በመስተዋት ገንዳ ውስጥ በሚኖር የኮራል ሪፍ ላይ መብራትን በሐዲድ እያመላለሱ ማብራት ለተመልካች እንደ ጨዋታ ይታይ ይሆናል፤ ለነዳፊው መሐንዲስ ግን ሕይወት ያለውን ፍጥረት ለማሽን አደራ የመስጠት ጉዳይ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማም ዘዴው ምን እንደሚሰጥ፣ ምን እንደማይሰጥና በምን ጥንቃቄ መሠራት እንዳለበት መርምሮ ማሳየት ነው።

ለመሆኑ ኮራል ብርሃን የሚያስፈልገው ለምንድን ነው? ኮራል ዕፅ ሳይሆን እንስሳ ነው። ይሁን እንጂ ሪፍ በሚሠሩት ኮራሎች ሥጋ ውስጥ ዙዛንቴላ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ዋቅላሚዎች ይኖራሉ። እነዚህ ዋቅላሚዎች በብርሃን ኃይል ምግብ ያዘጋጃሉ፤ ካዘጋጁትም አብዛኛውን ለአስተናጋጃቸው ያካፍላሉ። ኮራሉ የካልሲየም ካርቦኔት አጽሙን የሚገነባው በአመዛኙ በዚህ በሚያገኘው ጉልበት ነው። ብርሃኑ ሲያንስ ኮራሉ ይራባል፤ ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ፣ በተለይ ውሃው ሞቃት ከሆነ፣ ዋቅላሚዎቹን አጥቶ ይነጣል፤ ካላገገመም ይሞታል። ስለዚህ የመብራት ነዳፊ ሥራ ብርሃንን ማብዛት ብቻ ሳይሆን ማመጣጠንም ጭምር ነው።

መጠኑን በቁጥር ለመግለጽ የሚያገለግለው መለኪያ ለዋቅላሚው ጠቃሚ የሆነው ብርሃን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚያርፍበት መጠን ሲሆን፣ የሚቆጠረውም በማይክሮሞል ነው። በሐሩር ክልል ጥርት ባለ ቀን በእኩለ ቀን ላይ በባሕሩ ገጽ የሚያርፈው ወደ 2,000 ማይክሮሞል ይደርሳል። ብዙ ኮራሎች ግን ይህን ሁሉ አይጠቀሙበትም። ብርሃኑ ከዜሮ ተነሥቶ ሲጨምር የሚዘጋጀው ምግብም አብሮ ይጨምራል፤ በጥቂት መቶ ማይክሮሞል ላይ ሲደርስ ግን ዕድገቱ ይገታል። ከዚያ በላይ የሚመጣው ብርሃን ወደ ሙቀት ተለውጦ መወገድ ያለበት ትርፍ፣ ሲብስም ጉዳት ነው። ይህ የኮራሉ የጥጋብ ወሰን ከዚህ በታች ለሚቀርበው ሒሳብ መሠረት ስለሆነ በአእምሮ መያዝ ይኖርበታል።

ሪፍን ከባሕር አውጥቶ በገንዳ ለማኖር የሞከሩ ሰዎች የብርሃንን ችግር በሁለት መንገድ ፈትተውታል። አንደኛው መንገድ ፀሐይን ራሷን መጠቀም ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በአውስትራሊያ በታውንስቪል ከተማ የተከፈተው ታላቁ የሪፍ አኳሪየም 2.5 ሚሊዮን ሊትር ውሃ የሚይዘውን የኮራል ገንዳውን ለሰማይ ክፍት አድርጎ ሠርቶ ነበር። ሁለተኛው መንገድ ሰው ሠራሽ መብራት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በጀርመን፣ በተለይም በበርሊን፣ የባሕር አኳሪየም ባለሙያዎችና አፍቃሪዎች ሜታል ሃላይድ የተባለውን ኃይለኛ አምፖል በመጠቀም ጠንካራ አጽም ያላቸውን ኮራሎች በቤት ውስጥ ለማሳደግ በቅተዋል። በቤት ውስጥ አትክልት የሚያበቅሉ ሰዎች የሚጠቀሙበት፣ አምፖልን በሐዲድ ላይ እያመላለሰ የሚያበራው መሣሪያም በኋላ ወደ አኳሪየሙ ገባ። የተስፋው ቃል አጭርና ማራኪ ነበር፤ ይኸውም አንድ አምፖል የብዙ አምፖሎችን ሥራ ይሠራል የሚል ነው። ይህ ቃል እውነት መሆኑና አለመሆኑ በሒሳብ ሊፈተን ይገባዋል።

ለምሳሌ ርዝመቱ 180 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ ይወሰድ። አምፖሉ ከውሃው ገጽ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፤ ኮራሎቹም ከገጹ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብለው ተቀምጠዋል። የብርሃን ስብረትና የመስተዋቱ ነጸብራቅ ወደ ጎን ይተዉ፤ አምፖሉም አንጸባራቂ ክዳን የሌለው አንዲት የብርሃን ነጥብ ነው ይባል። አምፖሉ በገንዳው መካከል ከቆመ ከሥሩ ያለው ኮራል የሚያገኘው ብርሃን 1 ቢባል፣ 90 ሳንቲ ሜትር ርቆ በገንዳው ጫፍ ያለው የሚያገኘው 0.17 ብቻ ነው። ምክንያቱም ብርሃን በርቀቱ ስኩዌር ልክ ከመቀነሱ በላይ በጋደለ መጠን የሚያርፍበት ስፋት ይጨምራል። በዚህ ዓይነት የመካከሉ ኮራል ከጫፉ ኮራል ወደ ስድስት እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ይቀበላል።

አሁን አምፖሉ በእኩል ፍጥነት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመላለስ። የመካከሉ ኮራል አማካይ ድርሻ ወደ 0.55 ይወርዳል፤ የጫፉ ደግሞ ወደ 0.32 ይወጣል። ልዩነቱ ከስድስት እጥፍ ወደ ሁለት እጥፍ እንኳ የማይሞላ ሆነ ማለት ነው። ይህ በእርግጥ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ይባል፤ አምፖሉ ጫፍ ላይ በደረሰ ጊዜ ከብርሃኑ እኩሌታው ከገንዳው ውጭ ይፈስሳል። ጉዞው 90 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ በመካከል ቢወሰን የሚባክነው ይቀንሳል፤ ዳሩ ግን የመካከሉ ድርሻ 0.80፣ የጫፉ 0.21 ስለሚሆን ማመጣጠኑም አብሮ ይቀንሳል። በአጭሩ ሐዲድ ብርሃንን ያከፋፍላል እንጂ ብርሃንን አይፈጥርም።

የኤሌክትሪክ ቁጠባው ጉዳይም በዚሁ ሚዛን መታየት አለበት። ባለ 400 ዋት አንድ አምፖል በቀን 10 ሰዓት ቢበራ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። ባለ 250 ዋት ሦስት አምፖሎች ለዚያው ጊዜ 7.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃሉ። ልዩነቱ በዓመት ወደ 1,280 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠጋል። ይህ ቁጠባ የተገኘው ግን ከሐዲዱ ጥበብ ሳይሆን ከ750 ዋት ወደ 400 ዋት ከመውረድ ነው። ስለሆነም ቁጠባው እውነተኛ የሚሆነው ሦስቱ አምፖሎች ከጥጋብ ወሰን በላይ የሆነ ትርፍ ብርሃን ያፈሱ ከነበረ ብቻ ነው። ትርፍ ካልነበረ ሐዲዱ ያስገኘው ቁጠባ ሳይሆን ረሃብ ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚነሣው ሁለተኛ ጥያቄ አማካይ ብርሃን አማካይ ምግብ ይሆናል ወይ የሚለው ነው። መልሱ አይሆንም ነው። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ከአምፖሉ ሥር ያለው ብርሃን 800 ማይክሮሞል ነው ቢባል፣ የጫፉ ኮራል አምፖሉ ከላዩ ሲደርስ 800፣ በወዲያኛው ጫፍ ሲሆን ግን 25 ማይክሮሞል ያህል ያገኛል። አማካዩ ከ250 በላይ ነው። ነገር ግን የኮራሉ የጥጋብ ወሰን 300 ከሆነ፣ አምፖሉ ከላዩ ባለበት ጊዜ የሚመጣው ትርፍ ወደ ምግብነት አይለወጥም፤ አምፖሉ በራቀበት ጊዜ የጎደለውንም አይተካም። ያው 250 ማይክሮሞል ሳይለዋወጥ ቢመጣ ኖሮ ኮራሉ የበለጠ በተጠቀመ ነበር። እንግዲህ በአንድ በኩል እንቅስቃሴው በገንዳው ሁሉ ላይ ፍትሐዊ ክፍፍል ያመጣል፤ በሌላ በኩል ለእያንዳንዱ ኮራል ከጊዜ ወደ ጊዜ መዋዠቅን ያስከትላል። ትርፍና ኪሣራውን ሳያወዳድሩ በብርሃን መለኪያ አማካይ ንባብ ብቻ መመካት ስሕተት ነው።

የሐዲዱ ትልቁ ጥቅም ምናልባት ከብርሃኑ መጠን ይልቅ በብርሃኑ አቅጣጫ ላይ ይገኛል። እንደ አክሮፖራ ያሉ ቅርንጫፋማ ኮራሎች ባደጉ ቁጥር የላይኞቹ ቅርንጫፎች የታችኞቹን ይጋርዳሉ። በቆመ መብራት ሥር ጥላው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ስለሚወድቅ ከሥር ያለው ሥጋ እየሳሳ ሄዶ ነጭ አጽም ብቻ ሊቀር ይችላል። በባሕር ውስጥ ግን ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ስለምትጓዝ ጥላው አንድ ቦታ ላይ አይቆምም። ከወቅት ወደ ወቅትም መንገዷ ይለወጣል፤ ለምሳሌ በደቡባዊው ቀይ ባሕር በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል ከአናት በላይ ታልፋለች። በተጨማሪም ብርሃን ከአየር ወደ ውሃ ሲገባ ወደ ታች ስለሚሰበር፣ ውሃው ጸጥ ያለ ከሆነ ፀሐይ በአድማስ ላይ ሳለች እንኳ ጨረሯ ከቀጥታው ቁልቁል ከ48 ዲግሪ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ የባሕር ኮራል የለመደው ከወዲህና ከወዲያ በዚህ ወሰን ውስጥ የሚዞር ብርሃን ነው። የሚንቀሳቀስ አምፖል ይህንኑ ዙረት በከፊል ይመልሳል፤ በአንዱ ጉዞ የተጋረደው ጎን በሌላው ይበራለታል። ዘዴውን የሚያስመሰግነው ዋና ነገር ይኸው ነው።

ወደ ማሽኑ ስንመለስ በመጀመሪያ የሚነሣው የፍጥነት ጉዳይ ነው። የዕለቱ ጠቅላላ የብርሃን ድርሻ በፍጥነቱ አይለወጥም። አምፖሉ 180 ሳንቲ ሜትሩን በ90 ሰከንድ ቢጨርስ በ10 ሰዓት ውስጥ 400 ጊዜ፣ በዓመት 146,000 ጊዜ ይጓዛል። በ15 ደቂቃ ቢጨርስ ግን በቀን 40 ጊዜ፣ በዓመት 14,600 ጊዜ ብቻ ይሆናል። ተንጠልጥሎ የሚከተለው የኤሌክትሪክ ገመድም የሚታጠፈው በዚሁ ቁጥር ልክ ነው። ሜታል ሃላይድ አምፖል ሲነሣ በብዙ ሺህ ቮልት የሚቆጠር ምት ስለሚፈልግ፣ በመታጠፍ ብዛት ሽፋኑ የተሰነጠቀ ገመድ በጨው ውሃ አጠገብ ምን እንደሚያደርስ ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ ገመዱ ለተደጋጋሚ መታጠፍ የተሠራ መሆን አለበት፤ ፍጥነቱም ያለ ምክንያት መብዛት የለበትም።

ሁለተኛው የጨዋማ እርጥበት ጉዳይ ነው። ከገንዳው የሚነሣው ርጭትና ትነት ተራውን ብረት በአጭር ጊዜ ያዝገዋል፤ የጋሪውን መንኰራኵርም ያጣብቃል። ሐዲዱ በገንዳው መስተዋት ላይ ሳይሆን በጣራው ወይም በራሱ ማቆሚያ ላይ ይታሰር፤ ጋሪው ቢለቅ አምፖሉ ውሃ ውስጥ እንዳይወድቅ ሁለተኛ ማንጠልጠያ ሰንሰለት ይኑረው። የብረቱ አካል ሁሉ ከመሬት ጋር ይገናኝ፤ መስመሩም የ30 ሚሊ አምፒር ፍሳሽ ሲያጋጥም ኤሌክትሪኩን በሚቆርጥ ማቋረጫ በኩል ይለፍ። የገንዳው ባለቤት እጁን ዘወትር በጨው ውሃ ውስጥ የሚያስገባ ሰው መሆኑ ለአንድ አፍታም ሊዘነጋ አይገባም።

ሦስተኛውና ዋናው ማሽኑ የሚቆምበት ቀን ነው። የማይቆም ሞተር የለም። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ጋሪው በአንዱ ጫፍ ላይ ቢቀር፣ በዚያ ያለው ኮራል ከለመደው አማካይ ከሦስት እጥፍ የሚበልጥ ብርሃን ሳያቋርጥ ይወርድበታል፤ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ደግሞ ከለመደው አንድ አሥረኛ ብቻ ያገኛል። ኮራል ከአዲስ የብርሃን መጠን ጋር ለመላመድ ቀናትና ሳምንታት ስለሚያስፈልገው አንዱ ጫፍ ሲቃጠል ሌላው ይራባል። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በሐዲዱ በሁለቱም ጫፍ ስዊች ይደረግ፤ ጋሪው በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ አንዱን ካልነካ መቆጣጠሪያው አምፖሉን ያጥፋ፤ ለባለቤቱም ደወል ይደውል። በባሕርም ቢሆን ደመና የሸፈነው ቀን አለና ኮራል የአንድ ቀን ጨለማን ይችላል፤ የማያቋርጥ ቃጠሎን ግን አይችልም። እንግዲህ መሣሪያው ሲበላሽ ወደ ጨለማ እንጂ ወደ ብርሃን መውደቅ የለበትም።

ዛሬ የኤል.ኢ.ዲ. መብራቶች በመስፋፋታቸው ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ የሚመስላቸው አሉ። በገንዳው ርዝመት የተደረደሩ መብራቶችን በተራ በማድመቅና በማደብዘዝ አንዳችም ነገር ሳይንቀሳቀስ ብርሃኑ ብቻ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እንዲጓዝ ማድረግ ይቻላል። ሐዲድ የለም፤ የሚታጠፍ ገመድ የለም፤ የሚጣበቅ መንኰራኵር የለም። በእርግጥ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን ሒሳቡ አልተሻረም። በተራ የሚበሩ መብራቶችም ብርሃንን በጊዜና በቦታ ያከፋፍላሉ እንጂ አይፈጥሩም፤ ኮራሉም የጥጋብ ወሰኑን አልቀየረም። የመቆጣጠሪያው ፕሮግራም ተሳስቶ አንዱን ክፍል ሙሉ ቀን ቢያደምቅ የሚደርሰው ጉዳት ጋሪው ጫፍ ላይ ቆሞ ከቀረበት ጉዳት አይለይም።

በማጠቃለያም ይህን ዘዴ የሚያስብ ነዳፊ ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ቢመልስ መልካም ነው። ያለው ብርሃን ለገንዳው ሁሉ ቢከፋፈል በእውነት ይበቃል ወይ? እንቅስቃሴው የሚያስወግደው ጥላና መበላለጥ ከሚያመጣው መዋዠቅና ብክነት ይበልጣል ወይ? ማሽኑ በቆመበት ቀንስ ከሥሩ ያለው ሕይወት ምን ይሆናል? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች መለኪያና ሒሳብ ይመልሷቸዋል። ሦስተኛውን የሚመልሰው ግን የነዳፊው ኅሊና ነው፤ ኮራሉ ስለ ደረሰበት ነገር አቤት የሚልበት አንደበት የለውምና።