ዶማ ከመግዛታችን በፊት

(በካኩማ ለጓሮ አትክልት ቡድኖች አባላት የተደረገ ንግግር)

እንድንናገር የተጠየቅነው ስለ እርሻ መሣሪያ ግዢ ነው። እኛ ነጋዴዎች አይደለንም፤ የብረታ ብረት ባለሙያዎችም አይደለንም። እንደ እናንተው ከቧንቧው በሚተርፍ ውኃ ጎመንና ባሚያ የምናለማ የአንድ ቡድን አባላት ነን። በዚህ ጉዳይ ለመናገር መብት ካለን፣ መብቱን ያገኘነው ገንዘብ በማባከን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃያ ሰዎች ሆነን ወራት የፈጀ መዋጮ አጠራቀምን። ከመካከላችን ሦስት ወንዶች ተመርጠው ገበያ ወጡ፤ በአንድ ጠዋትም አሥር ዶማ ገዝተው ተመለሱ። ዋጋው ርካሽ ስለነበረ ሁላችንም አጨበጨብን። ጎድጓዳ መደቦቹን መቆፈር እንደጀመርን የሦስቱ ምላስ ታጠፈ። ቀጥሎ የሁለቱ ቀለበት ከብየዳው ላይ ተሰነጠቀ። ወቅቱ ሳያልቅ የሚሠራው አራት ብቻ ሆነ። በዚያ ላይ እናቶች ተነሥተው፣ «የቀሩትም ቢሆኑ ለእኛ ይከብዳሉ፤ ስትገዙ ማን ጠየቀን?» አሉ። ሁለቱ መዋጮአቸው እንዲመለስላቸው ጠየቁ፤ የሚመለስ ገንዘብ ግን አልነበረም። ቡድኑ ሊፈርስ የቀረው ጥቂት ነበር። አሁን ለሁለተኛ ጊዜ ለመግዛት ተዘጋጅተናል፤ እናንተም በዚህ ወቅት የምትገዙ ስላላችሁ የተማርነውን እንንገራችሁ።

በመጀመሪያ ስለ ዋጋ። አንድ ዶማ 300 ሽልንግ፣ ሌላው 700 ሽልንግ ተባለ እንበል። ዋጋው እንደ ገበያው ስለሚለዋወጥ ቁጥሩን ተዉትና ስሌቱን ያዙ። የ300ው ሦስት ወር ሠርቶ ቢሞት፣ በሦስት ዓመት ውስጥ አሥራ ሁለት ጊዜ ትገዛላችሁ ማለት ነው። ይህም 3600 ሽልንግ ይሆናል። የ700ው ሦስት ዓመት ቢቆይ 700 ብቻ ነው፤ በየጊዜው ዛቢያና ሞረድ ቢጨመርበት እንኳ ከርካሹ ግማሽ አይደርስም። እጃችን ላይ ያለችው 300 ብቻ ከሆነች ይህ ስሌት ምን ይረዳናል የሚል አለ፤ እውነቱን ነው። ለዚህ ነው በቡድን መግዛት የሚያስፈልገው። አሥር መጥፎ ከመግዛት አራት ጥሩ ገዝቶ በተራ መቆፈር ይሻላል። ውኃም ቢሆን የሚደርሰን በተራ ነው፤ ሃያ ሰው በአንድ ሰዓት የሚቆፍርበት ቀን እኛ ዘንድ ኖሮ አያውቅም።

ወደ ብረቱ እንምጣ። እዚህ ጀምቤ የሚሉት ሰፊ ምላስ ያለው ዶማ ሁለት ዓይነት ነው፤ ከፋብሪካ የሚመጣና ጁዋ ካሊ የሚባሉት ባለእጆች የሚሠሩት። ጁዋ ካሊ በስዋሂሊ «ብርቱ ፀሐይ» ማለት ሲሆን፣ ሜዳ ላይ በፀሐይ ተቀምጠው ስለሚቀጠቅጡ የወጣ ስም ነው። የፋብሪካ ሁሉ ጥሩ፣ የባለእጅ ሁሉ መጥፎ እንዳይመስላችሁ። የሚለየው ብረቱ ከምን መጣ የሚለው ነው። ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ዶማ ከብዙ የፋብሪካ ዶማ ይበልጣል። ባሌስትራ ከመቶ ግማሽ ያህል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ካርቦን ስላለው፣ በእሳት ግሎ በአግባቡ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ ስለቱንም ይይዛል። ከበርሜል ወይም ከላሜራ የተቆረጠ ግን ካርቦኑ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ቀጥቃጩ የፈለገውን ያህል ቢደክም አይጠነክርም። የእኛ የታጠፉት ሦስቱ ከዚህ ወገን ነበሩ። ስለዚህ ባለእጁን ሳታፍሩ «ከምን ሠራኸው?» በሉት። በባሌስትራ የሠራ ሰው ቁራጩን ከጎኑ አንሥቶ ያሳያችኋል።

ቃሉን ብቻ ይዛችሁ ግን አትሂዱ። ሞረድ ይዛችሁ ውጡና ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ስለቱን አንድ ጊዜ ሞርዱት። ሞረዱ እንደ ሳሙና ከገባበት ብረቱ ለስላሳ ነው። ጨርሶ ተንሸራቶ ካለፈ ደግሞ ከመጠን በላይ ደርቋል፤ ድንጋይ ሲያገኘው ይሸረፋል። የሚፈለገው እየታገለ የሚነክሰው ነው። ቀጥሎ ምላሱን በገመድ አንጠልጥላችሁ በትንሽ ብረት ምቱት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደኅና ነው፤ እንደ ተሰነጠቀ ሸክላ ከደነዘ የሆነ ቦታ ስንጥቅ አለው። ነጋዴው ሊስቅባችሁ ይችላል፤ ይሳቅ። እናቶቻችን እንስራ ሲገዙ አንኳኩተው አይደለም እንዴ?

ከሁሉ የበለጠ የምትመለከቱት ዛቢያው የሚገባበትን ቀለበት ነው። ዶማ ብዙ ጊዜ የሚሞተው በምላሱ ሳይሆን በቀለበቱ ነው። ከምላሱ ጋር አንድ ሆኖ የተቀጠቀጠ ቀለበት ከሁሉ ይመረጣል። የተበየደ ከሆነ ብየዳው ከውስጥም ከውጭም ሳይቋረጥ ዙሪያውን መሄዱን እዩ፤ እዚህም እዚያም ነጠብጣብ ብቻ ከሆነ ተዉት። ቀለም በወፍራሙ የተቀባ ከሆነ በሳንቲም ፋቅ አድርጉት፤ የእኛ ሁለቱ የተሰነጠቁት በቀይ ቀለም አሸብርቀው ነበር። ምላሱ ላይ የታተመውን ምልክትም ብዙ አትመኑት፤ የታወቀ ምልክት በማንኛውም ብረት ላይ ሊመታ ይችላል።

አሁን እናቶች ወዳነሡት ጥያቄ እንመለስ፤ ያሳፈረን እርሱ ነውና። የጀምቤ ራስ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ይመዝናል። ግማሽ ኪሎ በገበያ ላይ ምንም አይደለም፤ በአንድ ጠዋት ብዙ መቶ ጊዜ ሲነሣ ግን ትከሻን ይገድላል። በእኛ ቡድን የገዙት ወንዶች ናቸው፤ አብዛኛውን የሚኮተኩቱትና የሚያጠጡት ግን ሴቶች ናቸው። ገዢዎቹ ከባዱን «ጠንካራ ነው» ብለው አመጡት፤ እነርሱ ራሳቸው ግን ከሦስተኛው ቀን በኋላ አልያዙትም። አሁን ሕጋችን፣ መሣሪያውን የሚይዘው ሰው ገበያ ሄዶ አንሥቶ ይመርጠዋል የሚል ነው። ጠንካራውን መሬት የመጀመሪያ ጊዜ ለመስበር አንድ ከባድ ዶማ ወይም ፎርክ ጀምቤ የሚሉት ባለጥርስ ዶማ ለቡድኑ ይበቃል። ለመኮትኮትና ለማረም ቀላሉ ይበልጣል።

ስለ ዛቢያ። በአገራችን ወይራ ነበረን፤ እዚህ ወይራ የለም። ማቴንጌ የሚባለው ባለእሾህ ዛፍ ጠንካራ እንጨት አለው፤ ችግሩ ቀጥ ያለ ማግኘቱ ነው። ነገር ግን ከካምፑ ውጭ ዛፍ ስንቆርጥ ከቱርካና ባለአገሮች ጋር የሚመጣውን ጠብ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ለአንድ ዛቢያ ብሎ ራስን ማስፈንከት አያዋጣም፤ ከእነርሱ ግዙ። ስትመርጡ የእንጨቱ ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ አብሮ የሄደ፣ በተለይ ቀለበቱ አጠገብ ጉጥ የሌለው ይሁን። ርጥብ እንጨት አትግጠሙ፤ በዚህ ፀሐይ በሳምንት ውስጥ ተኮማትሮ ይላላል። ብዙዎቻችን የላላውን ዶማ ማታ ውኃ ውስጥ ነክረን እናሳድራለን። ጠዋት ይጠብቃል፤ ሲደርቅ ግን ከበፊቱ ይብሳል። ምክንያቱም እንጨቱ ሲያብጥ በብረቱ ውስጥ ተጨፍልቆ ስለሚቀር ነው። የዶማ ዛቢያ ራሱ ወፈር ብሎ፣ በተወዘወዘ ቁጥር ወደ ቀለበቱ የሚጠብቅ ሆኖ መጠረብ አለበት። በሚስማር የተያዘ ዛቢያ አትመኑ። መጥረቢያ ከሆነ ሽብልቁን ሳታዩ አታንሡ፤ የሚበር መጥረቢያ ፊት ለፊት የቆመውን ልጅ አይመርጥም። መሣሪያዎቹንም ጥላ ውስጥ አሳድሩ።

አንድ ነገር ደግሞ በብርቱ እናሳስባችሁ። ዛቢያ ቀለበቱ ውስጥ ሲሰበር ጉቶውን ለማውጣት ዶማውን እሳት ውስጥ የመጣል ልማድ አለን። እኛም አድርገነዋል፤ ከቀሩን አራት ጥሩ ዶማዎች አንዱን በዚህ አጠፋነው። ብረቱ በእሳት ግሎ ዝም ብሎ ሲቀዘቅዝ ባለእጁ የሰጠው ጥንካሬ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ላሜራ ይታጠፋል። ጉቶውን በመሮ ወይም በወፍራም ሚስማር እየመታችሁ አውጡት፤ ይዘገያል፣ ይወጣልም። በሞተር ድንጋይ ስታስላችሁም እንዲሁ ነው፤ ጠርዙ ሰማያዊ ከሆነ ተቃጥሏል ማለት ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ውኃ ውስጥ ይንከሩላችሁ። ከሁሉ የሚሻለው ሞረድ ነው። አንድ ሞረድ ለመላው ቡድን ይበቃል፤ ከዶማዎቹ ጋር አብሮ ያልተገዛ እንደሆነ ግን በኋላ ማንም አይገዛውም።

ሌሎቹን ባጭሩ እንለፋቸው። አካፋ ሲሆን አንገቱን ተመልከቱ፤ የሚሰበረው እዚያ ነው። ገጀራ፣ ፓንጋ የሚሉትን፣ ጫፉን መሬት ላይ ተክላችሁ በቀስታ ለጠጥ አድርጉት፤ ስትለቁት ቀጥ ካላለ መልሱት። ካሪዮላ የምትገዙ ከሆነ በአየር የሚሞላ ጎማ እዚህ አገር እሾህ ላይ አይከርምም፤ ከመነዳሪ ስታስለጥፉ ትኖራላችሁ። ድፍን ጎማ ያለው ቢከብድም ይሻላል። ማጠጫ ግን ጨርሶ አትግዙ። የራሽን ዘይት ቆርቆሮ ወይም አሮጌ ጀሪካን በሚስማር ተበስቶ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ቀዳዳውን ደቃቅ አድርጉት እንጂ፣ ውኃው በወፍራሙ ከወረደ ችግኙን ያጋድመዋል።

ስለ ገበያው ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ጥሩ ዶማ ሁልጊዜ እዚህ ላይገኝ ይችላል። ኪታሌ በቆሎ አብቃይ አገር ስለሆነ ገዢው ዶማ ያውቃል፤ በዚህም ምክንያት እዚያ የሚሸጠው ይሻላል። ፈቃድ ይዞ ወደዚያ የሚሄድ የታመነ ሰው ሲገኝ ሦስት አራት ቡድን ሆኖ ራሱን ብቻ፣ ያለዛቢያ ማስመጣት ጭነቱንም ያቀላል። ደረሰኝ ይቀበል፤ የተሰነጠቀ ቢገኝ እንዲቀየር አስቀድሞ ይነጋገር።

ሁለተኛው ለመናገር የሚከብድ ነው። ከድርጅት ለቡድኖች የታደለ ዶማ ገበያ ላይ በርካሽ ሲሸጥ አይተናል፤ እናንተም አይታችኋል። ልጁ ታሞበት የሸጠ ሰው እንዳለ እናውቃለንና በማንም ላይ ጣት አንቀስርም። ነገር ግን ያ ዶማ የአንድ ሰው ሳይሆን የቡድን ነበረ፤ ስንገዛው የሌሎቹን ድርሻ አብረን እየገዛን ነው። ባለቤቶቹ መጥተው «የእኛ ነው» ቢሉ ዶማውንም ገንዘቡንም እናጣለን። አሮጌ መሣሪያ መግዛት በራሱ መልካም ነው፤ ብዙ የሠራ ዶማ ሳይታጠፍ መቆየቱ ለጥንካሬው ምስክር ነው። ሻጩ ማን እንደሆነ ግን ጠይቁ።

በእኛ በኩል ደብተር ከፍተናል። ማን ወሰደ፣ መቼ መለሰ፣ ምን ተሰበረ የሚለው ይጻፋል። ወደ ሌላ አገር የመሄድ ዕድል የደረሰው አባል ድርሻው ስንት እንደሆነና ማን እንደሚረከበው አስቀድመን ተስማምተናል፤ ባለፈው አንድ ወንድማችን ሲሄድ በዶማው ሁለት ቤተሰብ ተኳርፎ ነበርና። መዋጮአቸውን የጠየቁት ሁለቱ እናቶች አሁን ከሦስቱ ገዢዎች መካከል ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ይወጣሉ፤ ሞረዱም የሚንጠለጠልበት ገመድም ከእነርሱ ጋር ነው። አብሮ ሄዶ ማየት የሚፈልግ ቡድን አንድ ሰው ይላክ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ የዶለዶመ ዶማ ያለው ሁሉ ከቧንቧው አጠገብ ወዳለው ዳስ ይዞ ይምጣ። ሁለት ሞረድ አለን፤ አሞራረዱን እዚያው እናሳያችኋለን።