ከአልኮል ወደ አልኪን የሚወስደው መንገድ



መንገደኛ ስንቁን የሚቋጥረው የሚደርስበትን አገር ዐውቆ ነው። አልኮልን ወደ አልኪን ለመለወጥ የሚነሣ የኬሚስትሪ ተማሪም እንደዚሁ አስቀድሞ መጨረሻውን ሊመለከት ይገባዋል።

ከአልኮል ውሃ ሲወጣለት በሁለት ካርቦኖች መካከል ድርብ ቦንድ ይፈጠራል፤ አልኪን የሚባለውም ይኸው ነው። ነገሩ ሲናገሩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ኤታኖል ከጠነከረ ሰልፈሪክ አሲድ ጋር ተደባልቆ እስከ 170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሞቅ ኤቲሊን ይሰጣል፤ ሙቀቱ በ140 ዲግሪ ቢወሰን ግን አብዛኛው ኤተር ይሆናል። ዕቃው አንድ ሲሆን ፍሬው ሁለት ነው።

ካርቦኖቹ አራት ሲሆኑ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። የሩስያው ሊቅ አሌክሳንደር ዛይትሴቭ በ1875 በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደ ገለጸው፣ ድርቡ ቦንድ የካርቦን ጎረቤት ወደሚበዛበት ያደላል። ስለዚህ 2-ቡታኖል በአሲድ ሲሞቅ በብዛት የሚገኘው 2-ቡቲን ነው። 1-ቡቲን የሚፈልግ ተማሪ 1-ቡታኖልን በአሲድ ቢያሞቅም ድርቡ ቦንድ ከጫፍ ወደ መካከል ይሸሽበታል። ይልቁንስ አልኮሉን በመጀመሪያ ወደ 1-ብሮሞቡቴን ለውጦ፣ ቀጥሎ ፖታሲየም ቴርሸሪ ቡቶክሳይድ በሚባለው አካሉ ግዙፍ በሆነ ቤዝ ቢያስኬደው ያሰበውን ያገኛል። ሁለት ርምጃ ቢረዝምም የሚያደርሰው እርሱ ነው።

ቀመር ብቻ በቃሉ ያጠና ዕጩ መምህር ነገ ስሕተቱን ለብዙ ልጆች ያወርሳል። ስለዚህ መምህሩ በጥቁር ሰሌዳው ላይ አስቀድሞ የሚፈለገውን ፍሬ ይጻፍ፤ ከዚያም «ይህ ከምን ይመጣል?» ብሎ ይጠይቅ። ተማሪው ወደ ኋላ ማሰብን ሲለምድ ወደ ፊት መሄድን ይማራል።