ጠላትም ወዳጅም አየር ነው

ኮምፒውተር ቤታችሁ ለመገጣጠም ዕቃ እያሰባሰባችሁ ከሆነ፣ የዛሬው ወግ ለእናንተ ነው።

ከመገጣጠም ሥራ ሁሉ ጀማሪን የሚያስፈራው ፕሮሰሰሩን የሚያቀዘቅዘው ኩለር ነው። ፕሮሰሰሩማ አቅጣጫውን ካገኘ ያለ ምንም ግፊት ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ኩለሩ ግን መጫን፣ መጥበቅ ይፈልጋል። ማዘርቦርዱ ትንሽ ጎበጥ ሲል አዲስ ገጣጣሚ ካቻቪቴውን ጥሎ ላብ በላብ ይሆናል።

እስቲ ብዙ ሰው እጅ የገባ አንድ ዕቃ እንውሰድ። የኤኤምዲው ራይዘን 5 5600፣ በፈረንጆቹ 2022 ገበያ ላይ የዋለው። 65 ዋት ተብሎ ተመዝግቧል፤ ያ ሁሉ ኃይል መጨረሻው ሙቀት ነው። የተፈቀደለት ጣሪያ 90 ዲግሪ ሲሆን፣ እዚያ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የነበሩት የዚሁ ኩባንያ አትሎኖች እንዲህ ያለ ብልሃት አልነበራቸውም፤ እየሠሩ ሳለ ኩለራቸው ከተነሳ በሰከንዶች ውስጥ ተቃጥለው ያርፉ ነበር። የዛሬው አይቃጠልም፤ ይንቀራፈፋል። ባለቤቱ ታዲያ ኩለሩን ትቶ ጌሙን ይራገማል።

አሁን ወደ ጠላታችን እንምጣ። የፕሮሰሰሩም የኩለሩም ፊት ለዓይን ልሙጥ ይመስላል እንጂ በጭረትና በጉድጓድ የተሞላ ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ በየስርጉዱ አየር ይቀራል። አየር ደግሞ ሙቀት በማስተላለፍ ከመዳብ ጋር ሲነጻጸር ከ10,000 ጊዜ በላይ ያንሳል። ቴርማል ፔስት የሚባለው ግራጫ ቅባት ሥራው ይህንን አየር አስወጥቶ ቦታውን መያዝ ነው። ፔስቱ ራሱም ከብረት ጋር ሲወዳደር ደካማ ነው፤ ስለዚህ ሲወፍር ይጎዳል። መሀል ላይ አተር የምታህል ጠብታ ትበቃለች፤ ኩለሩ ሲጫናት ራሷ ትሰፋለች። በጣት መለቅለቁን ተዉት።

ከዚህ ፕሮሰሰር ጋር በሳጥኑ የሚመጣው ኩለር ግን ፔስቱ ከፋብሪካ ተቀብቶበት ነው የሚመጣው። አትንኩት፤ ሌላም አትደርቡበት። አንዴ ገጥሞ ከተነሳ ግን ያ ፔስት አየር አስገብቷልና በአልኮል ተጠርጎ አዲስ ይቀባል። ለብቻው የተገዛ ኩለር ከሆነ ደግሞ ታችኛው ፊቱ ላይ የተለጠፈ ስስ ላስቲክ አይጠፋም። ላስቲኩን ሳያነሳ ገጥሞ ኮምፒውተሩ ለምን እንደጋለ ሲመራመር የሚያመሽ ሰው ዛሬም አለ!

ማዘርቦርዱን ኬዝ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ጠረጴዛ ላይ ሥሩ። በዚህ ፕሮሰሰር ሶኬት፣ በኤኤም 4፣ የሳጥኑን ኩለር ለመግጠም ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ጥቁር ፕላስቲኮች መፍታት አለባችሁ። አራቱ ብሎኖች ሲወጡ ከማዘርቦርዱ ጀርባ ያለው ብረት የሚይዘው ስለሌለ ይወድቃል። አልተሰበረም፤ በአንድ እጅ ደግፋችሁ መልሱት። ከዚያ ሞላ ያላቸውን አራት የኩለሩን ብሎኖች በሰያፍ፣ አንዱን ትንሽ፣ ከዚያ ማዶኛውን ትንሽ እያላችሁ፣ ራሳቸው እስኪቆሙ አጥብቁ። አንዱን ጨርሶ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ኩለሩን በአንድ ጎን ያነሳዋል፤ ባነሳው በኩልም አየር ይገባል። የፋኑን ገመድ ሲፒዩ ፋን ተብሎ የተጻፈበት ቦታ ሰኩ።

ከኢንቴል ወገን የሆናችሁ ደግሞ ልኩን ጠይቁ። በ2021 በመጣው ኤልጂኤ 1700 ሶኬት ላይ በብሎን ቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ75 ወደ 78 ሚሊ ሜትር ሰፍቷል። የድሮ ኩለር አዲስ ማሰሪያ ካልተገኘለት አይገጥምም።

ኩለሩን ለማንሳት ስትፈልጉም ጥድፊያ አያስፈልግም። የኤኤም 4 ፕሮሰሰር ጥቃቅን እግሮች አሉት፤ የደረቀ ፔስት ፕሮሰሰሩን ከነእግሩ ከሶኬቱ መዞ ሊያወጣው ይችላል። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ አሠርታችሁ አሙቁት፤ አጥፉና ገመዱን ከግድግዳው ሶኬት ንቀሉ፤ ከዚያ ኩለሩን በቀስታ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዙራችሁ አንሱት።

እስካሁን አየርን ስናባርር ነበር። ከኩለሩ ክንፎች ላይ ሙቀቱን የሚወስድልን ግን ያው አየር ነው፤ እዚያ ወዳጅ ነው። አዲስ አበባ ላይ ታዲያ ይህ ወዳጅ ስስ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ገደማ ይሳሳል። ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላብን፣ ባቄላውም አልበስል የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር ክብደቱ ያንሳል፤ ይዞት የሚሄደው ሙቀትም እንዲሁ። ደግነቱ የቤታችን አየር ቀዝቃዛ ነው፤ ያ ብዙውን ይክሰናል። ሰመራ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ አየሩ ወፈር ይላል፣ ሙቀቱ ግን አያድርስ ነው።

በውሃ የሚሠራ ኩለር ይሻላል ወይ ለምትሉ፣ ለ65 ዋት ፕሮሰሰር ገንዘብ ማባከን ነው ባይ ነኝ። ውሃውም ሙቀቱን በመጨረሻ የሚያስረክበው ለዚያው ስስ አየር ነው፤ በላዩ ላይ የሚበላሽ ፓምፕ ይጨመርላችኋል። በዚያ ገንዘብ የተሻለ ኬዝ ግዙ፣ አቧራውን በየጊዜው በብሩሽ ጥረጉ።

ውጭ አገር ላላችሁ ዘመዶች አንድ አደራ። ሻንጣ ላይ ኪሎ ለመቆጠብ ብላችሁ ፕሮሰሰሩን ብቻ አውጥታችሁ ኩለሩን እዚያ አትጣሉብን። ከነሳጥኑ ላኩልን።