ሳያዩ የገዙት እቃና አማና



ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን። የአላህ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን። በዛሬው ዝግጅታችን የብዙዎቻችንን ቤት ስለሚነካ አንድ ጉዳይ እንነጋገራለን። እርሱም በኢንተርኔትና በቴሌግራም ቻናሎች የኤሌክትሪክ እቃ ስለመግዛትና ስለመሸጥ ነው።

ድሮ ካውያ ወይም ምጣድ የሚገዛ ሰው መርካቶ ወርዶ እቃውን በእጁ ያገላብጣል፤ "እስቲ ሰካው" ብሎ ሲሠራ አይቶ ይከፍላል። ዛሬ ግን ፎቶ አይተን ገንዘቡን በስልካችን እንልካለን፤ እቃው በሞተር ሳይክል ደጃፋችን ይደርሳል። ይህ በራሱ ነውር የለበትም። ዑለማዎች ስላልታየ እቃ ሽያጭ ሲያብራሩ እቃው በግልጽ መገለጽ እንዳለበት፣ ከተገለጸው ውጭ ሆኖ ከተገኘም ገዢው የመመለስ መብት እንዳለው አስቀምጠዋል።

ችግሩ ፎቶ የማያሳየው ነገር መኖሩ ነው። ጫማ ጠቦ ቢመጣ እግር ያሳምማል፤ የኤሌክትሪክ እቃ ጉድለት ግን ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል። የሞባይል ቻርጀርን እንመልከት። በአገራችን ከሶኬት የሚመጣው ኃይል 220 ቮልት ነው፤ ተራ ቻርጀር ለስልኩ የሚሰጠው ግን 5 ቮልት ያህል ብቻ ነው። በቻርጀሩ ሆድ ውስጥ ሁለቱን ለያይቶ የሚይዝ መከለያ አለ። አስመስለው የሚሠሩ ሰዎች ወጪ ለመቀነስ የሚያሳሱት ይህንኑ የማይታይ መከለያ ነው። ቻርጀሩ ከውጭ ሲታይ ያምራል፤ ስልኩንም ይሞላል። ነገር ግን "ይሠራል" ማለት "አደጋ የለውም" ማለት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2016 ዩኤል የተባለው የደህንነት ፍተሻ ድርጅት ከ8 አገሮች በኢንተርኔት የተገዙ፣ በአፕል ስም ተመሳስለው የተሠሩ 400 ቻርጀሮችን መርምሮ ነበር። ሰውን ከኤሌክትሪክ ንዝረት ለመጠበቅ የሚበቃ መከለያ የተገኘባቸው 3 ብቻ ነበሩ።

ውድ አድማጮች! አንድ ቀን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ በክምር እህል ውስጥ እጃቸውን ቢያስገቡ ጣቶቻቸው እርጥበት አገኙ። ባለቤቱን ሲጠይቁት ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። እርሳቸውም እርጥቡን ሰዎች እንዲያዩት ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠይቀው፣ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው እንዳልሆነ ተናገሩ። ይህን ሙስሊም ዘግበውታል። እንግዲህ ከላይ ደረቁን፣ ከታች እርጥቡን ማድረግ ይህን ያህል ከከበደ፣ ከላይ የታወቀ ኩባንያ ስም ለጥፎ ከውስጥ የሚገድል ሽቦ ማስቀመጥ እንዴት ሊቀል ይችላል?

በቴሌግራም የምትነግዱ ወንድሞችና እህቶች፣ "እኔ አልሠራሁትም፤ ፎቶውን ብቻ ነው የለጠፍኩት" የሚለው ቃል አላህ ዘንድ ነጻ ያወጣን ይሆን? "ኦሪጅናል ነው" ብለን ስንጽፍ እየመሰከርን ነው። ካላወቅን "አላውቅም" እንበል፤ አስመስሎ የተሠራ መሆኑን ካወቅን ደግሞ አንሽጠው። የዱንያ ሕግም ወደዚሁ እያዘነበለ ነው። በአሜሪካ የሸማቾች ምርቶች ደህንነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 አማዞን በገበያው በሌሎች ነጋዴዎች ለተሸጡ ከ400,000 በላይ አደገኛ እቃዎች እንደ አከፋፋይ ኃላፊነት አለበት ሲል ወስኗል። ከእነዚህ መካከል ውኃ ውስጥ ቢወድቁ ከንዝረት የሚከላከል መሣሪያ የሌላቸው የፀጉር ማድረቂያዎች ይገኙበታል። ኩባንያው በበኩሉ ውሳኔውን ተቃውሞ እ.ኤ.አ. በ2025 ወደ ፍርድ ቤት ሄዷል።

በአገራችንም በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት እቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። ይሁን እንጂ ሻጩ ማን እንደሆነና የት እንደሚገኝ ካላወቅን መብታችንን ከማን እንጠይቃለን? ስለዚህ ገንዘብ ከመላካችን በፊት የሻጩን ስም፣ አድራሻና ስልክ እንያዝ። ደረሰኝ እንጠይቅ፤ የተለዋወጥነውንም መልእክት አናጥፋ። እቃው ሲመጣ አምጪው ሳይሄድ ከፍተን እንይ።

በእቃው ላይ የተጻፈውንም እናንብብ። ከአሜሪካ ዘመድ የላከልን ወይም ከዚያ የታዘዘ እቃ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በ220 ቮልት ሶኬት በቀጥታ ሊሰካ አይገባም፤ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ግን የሶኬቱ ቅርጽ ብቻ ይስተካከልለት። 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ወደ 16 አምፔር ይስባል። እንዲህ ያለውን በቀጭን ሽቦ ከተሠራ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ሽቦውን አግሎ ቤት ሊያቃጥል ይችላል።

የገዢውም አማና አለ። በራሱ ጥፋት የሰበረውን እቃ "ሲመጣም እንዲህ ነበር" ብሎ የሚመልስ ሰው የሻጩን ሐቅ በልቷል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሌላ ነው። አንዳንዶቻችን የሚያነዝር ምድጃ ወይም የሚግል ቻርጀር ሲያጋጥመን ለሠራተኛችን ወይም ለችግረኛ ጎረቤት እንሰጣለን፤ ሶደቃ ያደረግንም ይመስለናል። አላህ (ሱ.ወ) ግን ለራሳችን ብንሰጠው ዓይናችንን ጨፍነን ካልሆነ የማንቀበለውን መጥፎ ነገር ለይተን እንዳንለግስ በቁርኣኑ ከልክሎናል። ለልጃችን የፈራነውን ለሌላው ልጅ እንዴት እንሰጣለን? እንዲህ ያለ እቃ ወይ ሙያ ባለው ሰው ይጠገን፣ አለዚያም ማንም እንዳይጠቀምበት ሽቦው ተቆርጦ ይወገድ።

በመጨረሻም በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ አንድ ታሪክ እናስታውስ። በመዲና አንድ ቤት በሌሊት ሰዎቹ በውስጡ ሳሉ ተቃጠለ። ነገሩ ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲነገራቸው እሳት ጠላታችን መሆኑን ገልጸው፣ ስንተኛ እንድናጠፋው አዘዙ። የዛሬው እሳት ነበልባሉ ሳይታይ በሽቦ ውስጥ አድሮ ይጠብቃል። ከመተኛታችን በፊት ካውያውንና ምድጃውን እንንቀል፤ ስልክም ትራስ ስር ተሰክቶ አይደር። ሽቦ ሲጨስ ካየን በእጃችን ከመንካትና ውኃ ከመድፋት ተቆጥበን፣ አስቀድመን ኃይሉን ከቆጣሪው ዘንድ እናጥፋ።

እናቶችና አባቶች፣ ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ይዛችሁ በቤታችሁ የተሰካውን ሁሉ አንድ በአንድ ተመልከቱ። የሚግል፣ የሚሸት ወይም ሽቦው የተላጠ ካለ ንቀሉት። ዋጋው ቢያሳዝንም ከነፍስ አይበልጥም።

አላህ (ሱ.ወ) ገበያችንን ከማታለል፣ ቤታችንንም ከእሳት ይጠብቅልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።