ስለ ድንጋይ ማግኔትና ስለ ተራሮች መታጠፍ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተነገረ)



የጁቤ ላይ ጥቁር ድንጋይን ለአጥር እንጂ ለምስክርነት የሚፈልገው የለም። እኛም ኮምፓስ ይዘን ወደ አንድ ዐለት ስንጠጋ መርፌዋ ብትዞርብን ኮምፓሲቱን ነበር የወቀስናት። ጥፋቱ ግን የዐለቱ ነበር፤ ምናልባት መብረቅ መትቶት ይሆናል።

የጎጃም ደጋ ድንጋይ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ የፈሰሰ ነው። በውስጡ ያለው ማግኔታይት ሙቀቱ ከ580 ዲግሪ ሲወርድ የዚያን ዘመን የመሬት ማግኔት አቅጣጫ ይይዛል። በሊማሊሞ ገደል ደቡብን የሚያመለክት ንብርብር መገኘቱ፣ የመሬት ማግኔት ይገለባበጥ እንደ ነበር ያስረዳል።

ንብርብሩ በኋላ ቢታጠፍ፣ የያዘው አቅጣጫም አብሮት ይታጠፋል። ሊቃውንት እጥፋቱን በሒሳብ መልሰው ይዘረጉታል፤ ያን ጊዜ አቅጣጫዎቹ ከተስማሙ፣ ድንጋዩ ማግኔቱን የያዘው ከመታጠፉ በፊት ነው ማለት ነው። የእስፓኝ የካንታብሪያ ተራሮች ኋላ እንደ ቀስት መጉበጣቸው የተረጋገጠው በድንጋይ ማግኔት ነው። ጮቄያችን ግን አልታጠፈም፤ እሳተ ገሞራ እየደራረበ የሠራው ነው። በአፋር ደግሞ በ2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ መሬቱ የሰዓት ዘንግ በሚዞርበት በኩል ወደ 11 ዲግሪ ዞሯል።

የአጥራችን ድንጋይ ይህን አይነግረንም፤ ሲፈለጥ ሰሜኑ በየት እንደ ነበረ ምልክት አልተደረገበትማ! ስለዚህ ድንጋይ ልትፈልጡ የምትወርዱ አባቶቻችን ሆይ፣ ከወንዙ ዳር ያልተነካውን አንዱን ዐለት ተዉልን።