ልብ ታሞ ከዳኑ በኋላ፦ የግፊቱ ነገር

ድንገተኛ የልብ ሕመም ጥሎት፣ ታክሞ ከሆስፒታል የወጣ ሰው፣ ጠያቂው ሁሉ «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» ሲለው ነገሩ ያለፈ ይመስለዋል። አላለፈም። ልብን የሚመግበው የደም ቧንቧ ሲደፈን የተጎዳው ጡንቻ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል፤ የዚያን ሥራ የተረፈው ይሸከማል። የደም ግፊት ሲጨመርበት ልብ እየሰፋ፣ እየደከመ ይሄዳል። ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ግፊቱ ከ130/80 በታች እንዲሆን የሚፈልጉት ለዚህ ነው።

ግፊቱን ለመቀነስ እኛ ጋ አስቸጋሪው ጨው ነው። በርበሬው ሲዘጋጅ ይገባበታል፣ ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመራል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ለታማሚው በርበሬውን ያለ ጨው ማስፈጨት ነው የሚሻለው፤ እማወራዎቹ ቅር ቢላቸውም!

ሁዳዴ ሲገባ የግፊት ክኒኑን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አደገኛ ነው። ብዙዎቹ የግፊት መድኃኒቶች በቀን አንዴ የሚዋጡ ስለሆኑ ሰዓቱን ከሐኪም ጋር መነጋገር ይቻላል። ጠበሉም ቢሆን ከክኒኑ ጋር አይጣላም።

የእግር ጉዞውንም ከሜዳው ይጀምሩ፤ ዳገቱ ቀስ ብሎ ይደርሳል። ደረትዎ ተጨንቆ፣ ላብ ካጠመቀዎት ግን እስኪነጋ አይጠብቁ፤ በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።